ክርናቸው ሥር ያለችው እጅ

የጋሽ ላምቤቦን ሞት የነገረኝ ቴሌግራም ነው። ኢምፔሪያል ላይ መንገዱ ተዘግቶ፣ የታክሲያችን ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ረዳቱ ወርዶ ሙዝ ሲገዛ፣ የቁምስናችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን፣ ግሩፕ ውስጥ ጥቁር ሪባን ያለበት ፎቶ ገባ። ከታቹ ስማቸው፣ የቀብሩ ሰዓትና የለቅሶው ቤት ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምነው እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፤ አልነበርኩም።

ፎቶው ባለፈው ዓመት በቁምስና ሆነን ቢሾፍቱ የሄድን ጊዜ የተነሣ ነው። ያን ዕለት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ሰው እኔን ቆርጦ አውጥቶኛል፤ ደግ አደረገ፣ የሞትኩት እኔ አይደለሁም። እጄን ግን ረስቷታል። ግራ ክርናቸው ሥር፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ፣ ቀይ ሰዓት ያሰረች የሴት እጅ ደግፋ ይዛቸዋለች። ሰው ሁሉ ከፎቶው ሥር «ነፍስ ይማር» እያለ ሲጽፍ እኔ የማየው እሷን ብቻ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ መሆን የማይገባት እጅ ናት።

ከጋሽ ላምቤቦ ጋር የተዋወቅነው ተደናቅፌባቸው ነው። ያኔ ዐሥር ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን ሳልረግጥ ቆይቼ፣ እናቴ ስትሞት ጸጸት ይዞኝ የተመለስኩ ካቶሊክ ነበርኩ። ገርጂ ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ተለውጣ ጠበቀችኝ። መንበርከኪያ የነበራቸው የእንጨት አግዳሚዎች ወጥተው የፕላስቲክ ወንበር ገብቷል። የመዝሙሩ ግጥም ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ይበራል። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ቁርባን በእጅ፣ ቆሞ፣ ቶሎ ቶሎ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ለኔ ተመችቶኝ ነበር። ተቀብሎ ውልቅ ማለት ለኔ ብጤ የተሠራ ነው።

በዚያ እሑድ ለቁርባን ተሰልፌ ስልኬን ሳይ፣ ከፊቴ የነበሩት ረጅም ሽማግሌ ድንገት ጠፉ። ስራመድ ጉልበቴ ጀርባቸውን መታው። ለካ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከዋል። ወጣቱ ቄሳችን አባ ዮናስ ትንሽ ግራ ተጋብተው፣ ጎንበስ ብለው ቁርባኑን ምላሳቸው ላይ አኖሩላቸው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው መነሣት አቃታቸው። አንዴ ሞከሩ፣ ደገሙ። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ። ጎንበስ ብዬ እጄን ከግራ ክርናቸው ሥር አስገባሁና አነሣኋቸው። ከባድ ነበሩ። እኔ ራሴ ሳልቆርብ እስከ ወንበራቸው ይዣቸው ሄድኩ።

ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ ኮስተር ብለው «ስንት ኪሎ አነሣሽ?» አሉኝ።

«እ?»

«ሰባ ስምንት። ከነጫማዬ ሰባ ዘጠኝ። ላንቺ ብዙ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ውስጥ፣ ጡረታ እስኪወጡ መዛኝ ነበሩ። አበባ፣ ሥጋ፣ ቆዳ፣ የማሽን ዕቃ፣ በሳቸው ሚዛን ያላለፈ ነገር የለም። ጡረታ ቢወጡም እጃቸው አልወጣም። ዳቦ ሲሰጧቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዝነው ነው የሚቆርሱት። ክርስትና የተነሣ ሕፃን ካቀፉ ኪሎውን ይናገራሉ፤ እናትየው ትስቃለች፣ ክሊኒክ ስትሄድ ልክ ሆኖ ታገኘዋለች። ሰው ሲዋሻቸው ካወቁ አይከራከሩም። «ሚዛን አይዋሽም፤ የሚዋሽ መዛኙ ነው» ብለው ዝም ነው።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከኋላቸው ቆምኩ። ማንም አላዘዘኝም። እሳቸው ይንበረከካሉ፣ ይቆርባሉ፣ ግራ ክርናቸውን ትንሽ ከጎናቸው ፈቀቅ ያደርጋሉ፤ ያ ምልክታችን ነው። አነሣቸዋለሁ። ሐኪም ጉልበታቸውን እንዳያጥፉ ከልክሏቸው ነበር። አባ ዮናስም ደግ ሰው ናቸውና አንድ ቀን በር ላይ ይዘዋቸው፣ «ጋሽ ላምቤቦ፣ እግዚአብሔር እኮ መንበርከክዎን አይፈልግብዎትም» አሏቸው።

«አባ፣ እሱማ ምን ይፈልጋል?» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። «የምፈልገው እኔ ነኝ።»

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ኢምፔሪያል ወረድ ብለን ፉል እንበላ ነበር። እሳቸው ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ አይቀምሱም፤ የአሁኑ ሕግ አንድ ሰዓት ጾም ይበቃል ቢልም አይሰሙም። ታሪካቸውን የሰማሁት እዚያች ፉል ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርቱን ወደኔ ገፋ እያደረጉ ሲያወጉኝ ነው።

ከምባታ ውስጥ ሚሲዮን ያሳደጋቸው ናቸው። በልጅነታቸው ቅዳሴው በላቲን ነበር። ቄሱ ፊታቸውን ወደ መንበሩ ያዞራሉ፤ ሕዝቡ መሬት ላይ ተንበርክኮ ይቆርባል። የሳቸው ሥራ ፍርፋሪ እንዳይወድቅ ከቆራቢው አገጭ ሥር ትንሽ ሳህን መያዝ ነው።

«ያገሬን ሰው በስሙ ሳይሆን በምላሱ ነበር የማውቀው» አሉኝ። «ትንባሆ የሚያጨሰውን፣ ሆዱን የታመመውን፣ ከሚስቱ የተጣላውን…»

«የተጣላውን ደግሞ በምላስ እንዴት ያውቃሉ ጋሼ?»

«አይወጣለትማ! ጥርሱን ነክሶ ነዋ የሚመጣው።»

ሳቅን። ከዚያ ዳቦውን አስቀመጡና ስለ እናታቸው ነገሩኝ። «እናቴ ቁጡ ነበረች፤ ዱላ ከእጇ አይጠፋም። አንድ ቀን መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል። መጥታ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ሳህኑን ከአገጯ ሥር ስይዝ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን እንደ ጫጩት ከፍታ አየኋት። ያቺ ቁጡ ሴት! እኔ ያመንኩት ያን ቀን ነው።»

ሥርዓቱ ሲለወጥ ወጣት ነበሩ። ቅዳሴው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሆነ፣ ቄሱም ወደ ሕዝቡ ዞሩ፣ ሳህኑ ቁም ሳጥን ገባ። ጋሽ ላምቤቦ ከቤተ ክርስቲያን የራቁት ግን በዚያ ተቀይመው አልነበረም። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ መጡ፣ ካርጎ ተቀጠሩ፣ ዘመኑም ሃይማኖት ያለውን ሰው በጎሪጥ የሚያይ ሆነ፤ በዚያ ላይ ኦርቶዶክስ ሴት አገቡ። ዛሬ ነገ ሲሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ። «ማንም አላባረረኝም ልጄ። ሰው ከቤቱ የሚጠፋው ተባሮ ብቻ መስሎሽ? ቀስ እያለም ይጠፋል» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ለኔም ጭምር እንደሚናገሩ ይገባኝ ነበር።

የተመለሱበትን ምክንያት የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፉሉ ቀዝቅዞ፣ አስተናጋጇ ሳህኑን ልታነሣ መጥታ ፊታችንን አይታ የተመለሰችበት ቀን ነው።

«ከዓረብ አገር ሣጥን መጣ» አሉኝ። «የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ወረቀቱና ዕቃው እንዲገናኝ የመጣ ሁሉ ይመዘናል፤ ሥራችን ነው። ሚዛኑ ላይ አወጣናት። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አራት ኪሎ ጎደለች። እንጨቱ ደርቆ ይሁን የነሱ ሚዛን አበላሽቶ እንጃ። ዕቃ ሲጎድል ‹ጉድለት› ብለን እንጽፋለን። እኔም እንደለመደብኝ ብዕሬን አነሣሁና ጻፍኩ። ጻፍኩ፣ ልጄ! ቀና ስል ከበሩ ማዶ እናቷ ቆማለች። የልጇን ሣጥን ሳይሆን የኔን ብዕር ነው የምታየው።»

ዳቦውን አንሥተው፣ ሳይመዝኑት መለሱት።

«ልጸልይ አልኩ። አፌ አንድ ቃል አጣ። ላቲኑም ጠፋ፣ አማርኛውም ጠፋ። ሠላሳ ዓመት ባዶውን የኖረ አፍ ከየት ያምጣ? ጉልበቴ ግን ራሱ ታጠፈ። እዚያው ካርጎው መሐል፣ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት እየተንጫጫ፣ ጓደኞቼ እያዩኝ ተንበረከክሁ። አፌ ረስቶ ነበር፤ ጉልበቴ አልረሳም። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አሁን ቁም ሲሉኝ፣ ያን አንድ ያልረሳኝን ነገር ሊቀሙኝ ይሆን እላለሁ።»

እንዲህ ስል ሁሌ የሚቆዝሙ፣ አዲሱን ሁሉ የሚረግሙ ሰው እንዳይመስሉ። አማርኛውን ይወዱት ነበር። «ድሮ ምን እንደምል ሳላውቅ ነበር የምለው፤ አሁን አውቄ ነው የማፍረው» ይሉኛል። የሚጠሉት ኪቦርዱን ብቻ ነው። ሰው ከቆረበ በኋላ ትንሽ ፀጥ ይባልልኝ ነው ልመናቸው። መዘምራኑ ደግሞ ልክ ያኔ ነው የሚያጋግሉት። ጋሽ ላምቤቦ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በከንፈራቸው «አይ ይሄ ልጅ፣ አይ ይሄ ልጅ» ይላሉ፤ ኪቦርድ መቺውን ነው። ኋላ ግን ልጁ ሲታመም ብርቱካን ገዝተው፣ መዝነው፣ ሊጠይቁት የሄዱት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ለቁርባን የምንሰለፈው በሁለት መስመር ነው፤ የኛው መስመር በሳቸው ምክንያት ሁሌም ይዘገያል። የመዘምራኑ ልጆች ስም አወጡለት፤ «ኢምፔሪያል» አሉት፣ ሁሌ ስለሚዘጋ። እኔም ስቄ ነበር፣ ያስቃላ። አንድ እሑድ ግን በጎን በር ስገባ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንዷ «ፎርክሊፍቷ መጣች» ስትል ሰማሁ። ሁሉም ሳቁ። ያን ቀን ፀጉሬን ተሠርቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፤ ሰው የሚያውቀኝ ሽማግሌ በማንሣት ነው ማለት ነው። ፊቴ ጋለ። የማይረባ ነገር ነው፣ አሁን ሳስበው። ያኔ ግን አመመኝ።

የቁርባን ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ላምቤቦ ተነሥተው ወደ መስመራችን ሄዱ። እኔ ወደ ግራው መስመር ሄድኩ።

ሰው በዝቶ ነው እላለሁ ብዬ ሰበቤን አዘጋጅቻለሁ። ከግራ መስመር ሆኜ አያቸዋለሁ። አባ ዮናስ ፊት ሲደርሱ፣ ከመንበርከካቸው በፊት ወደ ኋላቸው ዞር አሉ። አንድ የማያውቁት ጎረምሳ ቆሟል። ክርናቸውን ፈቀቅ አድርገው ነበር፤ መለሱት። ከዚያ ቆመው ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ ልክ ውኃ እንደሚታፈስለት ሰው ዘረጉ። አባ ዮናስ አኖሩላቸው። ጋሽ ላምቤቦ ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። መዳፋቸውን እያዩ ቆሙ። አባ ዮናስ ቀስ ብለው «ይቀበሉት፣ ጋሼ» ሲሏቸው አየሁ። ተቀበሉ። መስመሩም ሄደ፣ ሳይዘጋ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፦ ያን ጊዜ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ይኸው፣ ይቻላል ለካ፣ አልኩ በልቤ።

ፉል ቤቱ ውስጥ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ሲያዩ ቆዩና «ምንም አይመዝንም» አሉ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ቁርባኑ። አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መዘንኩ፤ እጄ የማያውቀው ክብደት የለም። ዛሬ እጄ ላይ ሲያኖሩት ምንም አልነገረኝም። ለካ ለዚህ ኖሯል እናቴ በአፏ የምትቀበለው።» ከዚያ ፈገግ ብለው ዳቦውን ወደኔ ገፉ። «ብዪ እንጂ። ቀሚስሽ ያምራል።»

በሚቀጥለው እሑድ ከኋላቸው ቆምኩ። እሳቸው ግን አልተንበረከኩም። በሦስተኛውም አልተንበረከኩም። «ጉልበቴ ደከመ» አሉኝ። ሚዛን የማይዋሽ መሆኑን ያስተማሩኝ ሰው ዓይኔን ሳያዩ ዋሹኝ። ከኋላዎ አለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ነው። ነገ እላለሁ፣ በሚቀጥለው እላለሁ እያልኩ አምስት እሑድ አለፈ። ስድስተኛው ሳይደርስ፣ ሐሙስ ጠዋት ስትሮክ ወሰዳቸው።

ለቅሶው ገርጂ፣ ከቤታቸው በር ላይ በተጣለ ድንኳን ውስጥ ነበር። ልጃቸውን አበባን ከዚያ በፊት አንድ ሁለቴ ብቻ ነው ያየኋት፤ እንደ እናቷ ኦርቶዶክስ ናት፣ ከአባቷ ጋር አብራ ቅዳሴ አትመጣም። እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም።

«አባባ ማርታ የሚለው አንቺን ነው አይደል? ያቺ የምታነሣው?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ሰሞኑን እኮ ሥራ አስፈትቶኝ ነበር» አለች፤ እንባዋ እየወረደ ፈገግ ትላለች። «በየጠዋቱ አልጋው አጠገብ ትራስ አንጥፎ ይንበረከካል። ከዚያ ብቻውን ለመነሣት ይታገላል። ልደግፈው ስጠጋ ‹አትንኪኝ› ይላል። ኧረ አባባ ትሰበራለህ፣ ምን አደከመህ ስለው፣ ‹ብቻዬን መነሣት ከቻልኩ ልጅቷ ላይ ማንም አይስቅባትም› አለኝ።»

ሰምተዋል። ያን ቀን እሳቸውም ሰምተው ነበር።

«ማክሰኞ ዕለት ግን ተነሣ!» አለች አበባ። «አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ። ምንም ሳይዝ። እንደ ሕፃን ልጅ አጨበጨብኩለት። ‹ዝም በይ፣ ለማንም እንዳትናገሪ፤ እሑድ አሳያታለሁ› አለኝ።»

እዚያው አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ስለ ግራው መስመር ግን አልነገርኳትም። ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ዛሬም ድረስ በአባቷ የመጨረሻ ወራት ያልተለየቻቸው ሴት እኔ የሆንኩ ይመስላታል።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ ኢምፔሪያል መስመር ላይ ቆምኩ። ከፊቴ ክፍት ቦታ ነበር፤ ማንም ሆን ብሎ አልተወውም፣ እኔ ነኝ መራመድ ያቃተኝ። አባ ዮናስ ፊት ስደርስ ተንበረከክሁ። ሲሚንቶው እንዲህ ይቀዘቅዛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለት ዓመት ከላይ ሆኜ ሳነሣቸው አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም። አባ ዮናስ ቁሚ አላሉኝም፤ ጎንበስ ብለው አኖሩልኝ። ከመጋረጃው በኩል አንድም ሳቅ አልተሰማም። ኪቦርዱ ይጮኻል። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ወጣት ነኝ፣ ያለ ማንም ተነሣሁ። ያለ ማንም መነሣት እንዲህ እንደሚያስለቅስ ግን አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አበባ ደወለችልኝ። ለአርባቸው ያንን ፎቶ ትልቅ አድርጋ ልታሳትመው ወሎ ሰፈር አንድ ማተሚያ ቤት ገብታለች። ከጀርባዋ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል።

«ማርቲ፣ የማተሚያው ልጅ ከአባባ ክርን ሥር ያለችው እጅ ፎቶውን ታበላሻለች ይላል። በኮምፒውተር ላጥፋት ወይ ብሎኛል። ያንቺ እጅ ናት አይደል? ምን ልበለው?»

አጥፏት ልል ነበር። እውነቱ እሱ ነው፤ በምታስፈልግበት ቀን እዚያ ያልነበረች እጅ ናት። ነገር ግን ፎቶውን ስልኬ ላይ ከፍቼ፣ በጣቴ ሸፍኜ አየሁት። ጋሽ ላምቤቦ ክርናቸውን ፈቀቅ አድርገው፣ ሥሩ ባዶ ሆኖ፣ ሰው ሲጠብቁ ታዩኝ።

«ይተዋት በዪው» አልኳት። «እሷ ከጠፋች ብቻቸውን የቆሙ ይመስላሉ።»

አንድ እሑድ ብቻቸውን አቁሜያቸዋለሁ። እሱ ይበቃል።